ህንዳዊው መምህሬ አፉን ከፍቶ የቀረ ዕለት

እኔና ሒሳብ ከተለያየን ቆይተናል። ደግሞ የተለያየነው በሰላም ነው፤ ሽማግሌ አልገባ፣ ንብረት አልተካፈልን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን የመጨረሻ ፈተና ስጨርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ «በል እንግዲህ ወንድሜ፣ ከአሁን በኋላ አንተም በመንገድህ፣ እኔም በመንገዴ» አልኩት። እሱም አልተቃወመም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አማርኛ ተማርኩ፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ተመድቤም አማርኛ ማስተማር ጀመርኩ። ከቁጥር ጋር የምንገናኘው የተማሪ ስም ስጠራ ብቻ ነው፤ ቁጥሯም ከስሙ ፊት ዝም ብላ ትቆማለች እንጂ ምንም አድርገኝ አትለኝም። ሰው ከዚህ በላይ ምን ሰላም ይፈልጋል?

ይህን ሰላሜን የነሱኝ ርዕሰ መምህራችን አቶ ደምሴ ናቸው። አቶ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ አመል ብቻ ነው ያለባቸው፤ «ችግር የለም» ይላሉ። እሳቸው «ችግር የለም» ካሉ፣ ችግሩ ከእሳቸው ቢሮ ወጥቶ ወዳንተ ቤት መንገድ ጀምሯል ማለት ነው።

አንድ ቀን አስጠሩኝና «ቁጭ በል» አሉኝ። እዚህ ላይ ነቄ ማለት ነበረብኝ። አለቃ ደህና ነገር ሲኖረው በር ላይ አቁሞ ነው የሚነግርህ።

«የሒሳቡ መምህር ዝውውሩ ተሳክቶለት ደብረ ብርሃን ሚስቱ ጋ ሄደ» አሉኝ።

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለው።»

«ዘጠነኛ ለ ያለ ሒሳብ መምህር ቀረ።»

«ያሳዝናል።»

«አንተ ደግሞ ክፍለ ጊዜ ያንስሃል።»

አሁን ገባኝ። «አቶ ደምሴ፣ እኔ እኮ አማርኛ ነኝ!»

«አማርኛማ ሁላችንም እንችላለን» አሉ፤ አራት ዓመት የደከምኩበትን ትምህርት በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጠርገው።

«ሒሳብ አላውቅም እያልኩዎት ነው!»

«ችግር የለም። ዕድሜ ለኢንተርኔት! ከዘጠነኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለው ትምህርት በሙሉ በቪዲዮ ተለቆልሃል። በነጻ! የዓለም ምርጥ መምህር ስልክህ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀህ ነው። ዛሬ ትማራለህ፣ ነገ ታስተምራለህ። ምን ቀረህ?»

የቀረኝን ብዘረዝርላቸው እስከ ፋሲካ አንጨርስም ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ተቀብዬ ወጣሁ።

እውነታቸውን ነው፤ ቪዲዮው አለ። ያለው ግን እንደዚያች ላም ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በዚያ ዘመን መሐል ሜዳ ላይ ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ሳይናገር፣ ሲሄድ ሳይሰናበት። ቤቴ ውስጥ ሞከርኩ። ስክሪኑ መሀል ያለች ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ አውድማ ላይ እንዳለ በሬ ስትዞር ትውላለች፣ የሚወቃ እህል ግን የለም። ጓሮ ወጣሁ፤ ትዞራለች። አጥር ላይ ተንጠለጠልኩ፤ እኔም እሷም ዞርን። በመጨረሻ ባልደረቦቼ ምስጢሩን ነገሩኝ። በከተማችን ውስጥ ኔትወርክ የሚሞላበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም በግ ተራ፣ ከበጎቹ መሀል ያለች ከፍ ያለች ድንጋይ ናት። ለምን እዚያ እንደሆነ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይመልስ።

እንግዲህ የመንዝን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት አልነግራችሁም፣ ገና ሳስበው ይበርደኛል። ጋቢ ደርቤ፣ በጋቢው ላይ ጃኬት ደርቤ፣ ድንጋይዋ ላይ ወጣሁ። ስልኬን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ተከፈተልኝ! ጺሙን አሳምሮ የተላጨ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ አንድ ህንዳዊ መምህር ከሰሌዳ ፊት ቆሞ ታየኝ። እንግሊዝኛውን እንደ ጎርፍ ነው የሚለቀው። ከሦስቱ አንዱን እየያዝኩ፣ ሁለቱን ለበጎቹ እየተውኩ ተከተልኩት። ለጥቂት ቀናት እንዲህ ሰነበትኩ። ከሰዓት በኋላ በግ ተራ እማራለሁ፤ በማግስቱ የተማርኩትን ሳይበርድ ወስጄ ዘጠነኛ ለ ላይ አፈሰዋለሁ። መምህርነት ሳይሆን የውኃ ቦቴነት ነው።

በገበያ ቀን ግን ጉድ ፈላ። እጄን ዘርግቼ፣ ስልክ ይዤ፣ ቁጥር እያነበነብኩ በበጎች መሀል ስቆም ሰዉ ምን ይበል? ደላላ ነው አለ። አንዱ መጥቶ ሙክቱን ላቱን እንድዳብስለት ጠየቀኝ። ሌላው ጠቦት ይዞ ተራ ያዘ። ቀጥሎ በርኖስ የደረቡ አንድ ሽማግሌ በግ እየጎተቱ መጡና፣ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ የአዲስ አበባ ዋጋ እንዴት ዋለ?» አሉኝ።

«አባባ፣ እኔ ደላላ አይደለሁም። ትምህርት ላይ ነኝ።»

«ትምህርት?» አሉና አንገታቸውን አስግገው ስልኬን አዩት። «ይሄ ደግሞ ማነው?»

«የሒሳብ መምህር ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ህንድ አገር።»

«ማንን ነው የሚያስተምረው?»

«እኔን።»

«አንተስ ምንድን ነህ?»

«የሒሳብ መምህር።»

ሽማግሌው ስልኩን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ደግመው ስልኩን አዩ። «ታዲያ ደመወዙን የምትበላው አንተ ነህ እሱ?»

መልሱን እስከ ዛሬም እየፈለግኩ ነው። ሽማግሌው ግን አልሄዱም። «በል አስተምረን» ብለው አጠገቤ ቆሙ። በጉም ቆመ።

እንግዲህ የመከራዬ ዋና ምዕራፍ የተከፈተው በዚህች ሰዓት ነው። ህንዳዊው መምህሬ ሰሌዳው ላይ ኤ ሲደመር ቢ ብሎ በቅንፍ ጻፈ፤ ከቅንፉ ውጭ ከፍ አድርጎ ካሬ አደረገበት። ከዚያ «ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ይሠሩታል» አለ፤ ይህቺን በደንብ ሰምቻታለሁ። ቀጥሎም መልሱን ጻፈው፤ ኤ ካሬ ሲደመር ቢ ካሬ። ዞር አለ። ጣቱን ቀሰረ። አፉን ከፈተ።

እንደከፈተ ቀረ። ኔትወርኩ ሄደ።

ብጠብቅ፣ ብዞር፣ ስልኩን ባጠፋና ባበራ፣ ሰውዬው ጣቱን እንደቀሰረ አፉን እንደከፈተ ነው። ሽማግሌው «ምን ሊል ነበር?» አሉኝ።

ቀላል ነው ብዬ አሰብኩ። ጣት የሚቀሰረው ለአደራ ነው። «‹ይህን እንዳትረሱ› ሊል ነው» አልኳቸው። ደግሞስ ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ይሠሩታል ብሏል አይደል? ብዙ ተማሪዎች የሚሠሩትን የኔ ተማሪዎች የማይሠሩበት ምን ምክንያት አለ? በሕይወቴ ሒሳብ እንደዚያ ዕለት ገብቶኝ አያውቅም። እንዲያውም ውበቱ አስገረመኝ። ካሬው እንደ ቡራኬ ነው፤ ከላይ ይወርዳል፣ ለኤም ለቢም እኩል ይደርሳል። አድልዎ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ።

በማግስቱ እንዲህ አድርጌ አስተማርኩት። ቡራኬውንም አላስቀረሁባቸውም። ተማሪዎቼ ወደዱት። «ቲቸር፣ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ!» አሉ። የድሮው መምህር ሲያስጨንቃቸው እንደኖረ ሁሉ አዘንኩላቸው። እጅ ያወጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ ከፊት ረድፍ የምትቀመጥ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ።

«ቲቸር፣ በቁጥር ስንሞክረው እኮ አይመጣም። ሁለትና ሦስት አምስት ነው፤ አምስት ካሬ ሃያ አምስት ነው። በእርስዎ አሠራር ግን አራትና ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት ይሆናል።»

እኔ ግን የፊደል ሰው ነኝ፤ በፊደል ጉዳይ ማንም አይደፍረኝም። «ጥሩወርቅ፣ ቁጥር ቁጥር ነው፤ ፊደል ፊደል ነው። አትደባልቂ!» አልኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ባለፈው ሴሚስተር ለዚሁ ክፍል ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

በዚህ ባበቃ ደግ ነበር። ፈተና ሰጠሁ። ክፍሉ በሙሉ ደፈነው! ጥሩወርቅ ብቻ፣ እንቢተኛ፣ ቅንፉን በቅንፍ አባዝታ አንድ ረጅም መልስ ጽፋለች። በቀይ ኤክስ አደረግኩባት። ወረቀቷን ተቀበለች። አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ያለወትሮዋ በቀጣዩ ቀን ከፊት ረድፍ ተነስታ ከኋላ ተቀመጠች፤ እኔም ከጥያቄዋ ስላረፍኩ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

የክፍሉን ውጤት ያዩት አቶ ደምሴ ግን ሊበሩ ደረሱ። «ይኸው! አላልኩህም? ከዞን ሱፐርቪዥን እየመጣ ነው። ያንተን ክፍል ነው የምናሳየው። ቪዲዮውን በክፍል ውስጥ፣ በትልቅ ስክሪን!»

«በየትኛው ስክሪን?»

«በፕላዝማው!»

የዚያን ዘመን ተማሪ የነበረ ፕላዝማን አይረሳውም። በየክፍሉ በብረት ሣጥን ተቆልፎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ነው፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ ገባህ አልገባህ ብሎ የማይጠይቅ መምህር ነበር። የኛው መቀበያው በመብረቅ ተመትቶ ከሞተ ቆይቷል፤ ስክሪኑ ግን ነፍስ አለው። የአይሲቲው መምህር ላፕቶፕ ላገናኝበት እችላለሁ አለ። የቀረው ቪዲዮውን ማውረድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ በግ ተራ አቅም የለውም።

ቅዳሜ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት የያዘችው ዶሮ እየጎነተለኝ፣ ስለ ትምህርት ጥራት እያሰብኩ ነው የሄድኩት። ኢንተርኔት ቤት ገባሁ፤ ቪዲዮው በፍላሽ ተጫነልኝ። የቤቱ ባለቤት «ከፍተው ይዩት፣ በትክክል መውረዱን» አለኝ። አሁን ይህ ሰው ምን በደለኝ? ምክሩ ልክ ነበር። እኔ ግን አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፤ ደግሞ የማውቀውን ትምህርት ምን ደግሜ አየዋለሁ! «ችግር የለም» አልኩት። አቶ ደምሴ ተጋብተውብኝ ነበር።

ሱፐርቪዥኑ በመጣ ቀን መብራት አልጠፋም። በመሐል ሜዳ ታሪክ መብራት ሊጠፋልኝ የሚገባበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር፤ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ዋለ። ሁለት ሰዎች ናቸው የመጡት፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ ሁለቱም ሙሉ ልብስ የለበሱ። ከኋላ፣ ከጥሩወርቅ አጠገብ ተቀመጡ። አቶ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው እንደ ሙሽራ አባት ፈገግ ብለዋል።

ቪዲዮው ተከፈተ። ህንዳዊው መምህሬ በስልኬ ላይ አውራ ጣት ያህል የነበረው ሰውዬ፣ ፕላዝማው ላይ ግዙፍ ሆኖ መጣ። ኤ ሲደመር ቢ፣ በቅንፍ፣ ካሬ። እኔም ከጎኑ ቆሜ በአማርኛ አጅበዋለሁ። ኤ ካሬ ሲደመር ቢ ካሬ ሲል ተማሪዎቼ የሚያውቁትን መዝሙር እንደሰሙ በአንድ ድምፅ ተቀበሉት። ዞር አለ። ጣቱን ቀሰረ። አፉን ከፈተ።

ከዚያ ተናገረ።

ቀይ ቀለም አነሳና ከዳር እስከ ዳር አንድ ትልቅ ኤክስ አደረገበት። «ሮንግ!» አለ። አልበቃውም፤ «ቬሪ ሮንግ!»

በእንግሊዝኛ ደካማ የሆነ ተማሪ ብዙ ነገር ላይገባው ይችላል። «ሮንግ» የምትለዋን ግን የማያውቅ የለም፤ ደብተሩ ላይ ስታድር ነው የኖረችው። ማብሪያና ማጥፊያውን በዓይኔ ፈለግኩ፤ አጭሩ ሰውዬ ተደግፎታል። ወደ ጥሩወርቅ አየሁ። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም፤ አቀርቅራ ዴስኩን ታያለች። ለኔ ብላ ነው። እሱ ባሰብኝ።

ሰውዬው ግን ማን ሊያቆመው! አንድ አራት ማዕዘን ሣለ። ጎኑን ኤና ቢ ብሎ ከፈለው። አራት ቦታ ሆነ፤ አንዱ ጥግ ኤ ካሬ፣ ሌላው ጥግ ቢ ካሬ፤ ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ረዘም ረዘም ያሉ ቁራጮች ቀሩ። በዚህ ጊዜ ከመሀል አንዱ ተማሪ ብድግ አለ።

«ቲቸር! ይሄ እኮ ማሳ ነው! ሁለቱ ቁራጮች የማን ናቸው?»

«እ... የማንም...» አልኩ።

«እንዴት የማንም? እኛ እስካሁን ስንጥላቸው ነበር እኮ!»

የመንዝ ልጅ ቁጥር ቢጠፋበት ይታገሣል። መሬት ሲጠፋ ግን አይታገሥም። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። አንዱ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ማሳውን ሣለ፤ ሌላው ድንበሩ ተገፍቷል ብሎ አጠፋው፤ ሦስተኛው የአባቱን ማሳ የለኩበትን ቀን እየተረከ በስንዝር ይለካል። በመጨረሻ ጥሩወርቅን ራሳቸው ጠሩዋት። ቀስ ብላ መጥታ አምስት በአምስት የሆነ ማሳ ሣለች፤ ሁለትና ሦስት ብላ ከፈለችው። «አራት፣ ዘጠኝ፣ እነዚህ ደግሞ ስድስትና ስድስት» አለች። «ሃያ አምስት።» ጠመኔውን አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ወደ ፊት ረድፉ ነው የተመለሰችው።

ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ቲቸር፣ የእስካሁኑን ደብተር እንቅደደው?»

«አትቅደዱት» አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ፈተናውን እንደገና አርማለሁ።» ክፍሉ ውስጥ የተሰማው ማቃሰት ለቀብር ይበቃ ነበር፤ ከአንዲት ልጅ በቀር ሁሉም ማርኩ ሊወርድ ነው።

ከክፍል ስወጣ የማስበው የት እንደሚያዛውሩኝ ነው። አቶ ደምሴ ቢሮ ገባሁ። ሁለቱ ሰዎች ተቀምጠዋል። አቶ ደምሴ ግድግዳ ያያሉ።

ረጅሙ ሰውዬ «መምህር» አለኝ፣ «ይህን ስልት ከየት አመጣኸው?»

«የቱን... ስልት?»

«ተማሪውን ሆን ብሎ ወደ ስህተት መርቶ፣ ስህተቱን ራሱ እንዲያገኘው ማድረግ! ፈተና ድረስ ጨክነህ መሄድህ! በመጨረሻም ‹የተሳሳትኩት እኔ ነኝ› ብለህ ራስህን ዝቅ ማድረግህ!»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር። አማርኛ ነኝ።»

ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። «ትሕትናው!» አለ አጭሩ።

«እምላለሁ! ኔትወርኩ ተቋርጦብኝ ነው!»

«ይህ ተቀምሮ መስፋት ያለበት ምርጥ ተሞክሮ ነው» አለ ረጅሙ፣ እኔን መስማት ትቶ። አቶ ደምሴ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱና፣ «አላልኳችሁም? እኛ ጋ ችግር የለም» አሉ።

ሰው እውነት ተናግሮ ካልታመነ ምን ያደርጋል? ፈተናውን አረምኩ፤ ጥሩወርቅ ደፈነች፤ የቀረው ክፍል እስከ ዓመቱ መጨረሻ አኮረፈኝ። እኔ ደግሞ ተሞክሮ እንዳካፍል ወደ ግሼ ወረዳ፣ ራቤል ከተማ ተላክሁ።

ራቤል ስደርስ መምህራኑ አዳራሽ ሞልተው ይጠብቁኛል። ስለ ቪዲዮ ትምህርት ተናገርኩ፤ በግ ተራውንም፣ ሽማግሌውንም፣ ቀዩን ኤክስም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። አዩኝ እንጂ፤ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ በሽተኛ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የጠረጠርኩት።

ስብሰባው ሲበተን አንድ ደረተ ሰፊ ሰው፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ ጎን ጎኔን ተከተለኝ። ሰው እስኪያልፍ ጠብቆ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ስፖርት ነኝ» አለኝ።

«እና ምን ሰጡህ?»

«ፊዚክስ።»

ትከሻውን ያዝኩት። ሌላ ምን ይደረጋል? «የት ደረስክ?»

«ስበት ላይ ነኝ። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰውዬ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ከላይ ፖም ተበጥሶ መውረድ ሲጀምር ኔትወርኩ ጠፋ።»

«ተማሪዎቹን ታዲያ ምን አልካቸው?»

ግራና ቀኝ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ፖም አየር ላይ ይቆማል አልኳቸው።»